የኩሬ ዳር ፓምፕን በተክል መደበቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ግቢያቸው ትንሽ ኩሬ የሚያሠሩ ሰዎች የጋራ ጣጣ አላቸው። ዓሣው ይገባል፣ ውሃው ይሞላል፤ ዳሩ ላይ ግን ጥቁር ቱቦ፣ ፓምፕና የመብራት ሳጥን ተገትረው ይቀራሉ። መላው ከዓመት ዓመት የሚቆይ ተክል መትከል ነው። የትኛውን ሲባል ግን መካሪው ይበዛል፣ ምክሩም ሁሌ ልክ አይደለም።

"ውሃ ዳር የተተከለ አይደርቅም"

ብዙ ችግኝ የሚፈጀው ይሄ ነው። የግቢ ኩሬ ወንዝ አይደለም። ውስጡ በሲሚንቶ ወይ በወፍራም ፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ ውሃው ወደ አፈሩ አይሰርግም። ከጠርዙ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላችሁ አፈሩን ጫር ጫር አድርጉት፤ አቧራ ነው። ጭራሽ ሲሚንቶው ቀን የጠጣውን ፀሐይ መልሶ ይተፋበታል። ስለዚህ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ቦታው ጠርዙ ላይ ሳይሆን ውሃው ውስጥ ነው፤ ያውም በባልዲ ተተክሎ፣ አለዚያ ከሰው ቁመት አልፎ ኩሬውን ይወርሰዋል። ውጪ ለቆመው ሳጥን የሚሆነው ድርቅ የሚችለው ሬት ነው። ውሃ የማታጓድሉ ከሆነ ጠጅ ሳርም ያምራል፤ ቅጠሉ ወደ ውጪ ስለሚዘረጋ መሬት ላይ የተጋደመ ቱቦን ደህና አድርጎ ይሸፍናል። ካና ደግሞ እግሩ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥም ቢሆን፣ ውጪ እየጠጣም ቢሆን ይኖራል። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው እሱ ነው፤ ሰፊ ቅጠል አለው፣ ሙቀት ይወዳል።

"ሐረር ያማረው ድሬም ያምራል"

አቦ ተዉ! ሐረር ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ ወደ 1,200። ሐረር ኩሬ ዳር ደስ ብሎት የሚያብበው ካላ ሊሊ፣ የድሬ ሙቀት ሲበረታበት ቅጠሉን ጥሎ አፈር ውስጥ ይተኛል። ፓምፑም እንደገና ይታያል።

"ቶሎ የሚያድገው ይሻላል"

ቶሎ የሚሸፍን ተክል ቶሎ ማበላሸትም ያውቃል። የአንዳንድ ቀርከሃ ሥር የኩሬውን ፕላስቲክ ይበሳል፤ የዋርካ ዘመዶች ሲሚንቶ ይሰነጥቃሉ። የወፍ ቆሎ አበባው ቢያምርም ወራሪ ነው። ኦሊያንደር ድርቅ ይችላል፣ ግን ሁለመናው መርዝ ነው፤ ቅጠሉ የሚረግፈው ዓሣው ላይ ነው፤ ልጅና ፍየል ያለበት ግቢ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። እምቦጭን ውሃው ላይ ልጣል ለሚል ሰው ጣናን አስታውሱት።

"ተክል ቢምቢ ይጠራል፤ ጠጅ ሳር ያባርራል"

ቢምቢ እንቁላሏን የምትጥለው ውሃ ላይ ነው። ድሬ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ውስጥ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። ይህቺ ትንኝ ከረግረግ ይልቅ በርሜል፣ ታንከርና የመሳሰለውን ሰው ሠራሽ የውሃ መያዣ ትመርጣለች፤ በበጋም ትራባለች። ስለዚህ ከተክሉ በፊት የአበባ ማሰሮው ሥር ያለውን ሳህንና የተረሳውን ባልዲ ገልብጡ። ኩሬው ውስጥ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ካለ የቢምቢዋን እጭ ይበላል፤ ነገር ግን የውሃውን ፊት በቅጠል ከሸፈናችሁት እጩ መደበቂያ ያገኛል። ጠጅ ሳሩስ? ሽታው ያለው ቅጠሉ ውስጥ ባለው ዘይት ነው፤ ስታሹት ይሸታል እንጂ ዝም ብሎ ስለቆመ ግቢ አይጠብቅም።

"ፓምፑ ዙሪያውን መሸፈን አለበት"

ውጪ የሚቀመጥ ፓምፕ አየር ካላገኘ ይግላል። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ደግሞ ለእባብም ይመቻል። ከመትከላችሁ በፊት ሁሌ ከምትቀመጡበት ሆናችሁ እዩ። ድሬ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ፍራሽ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ዓይን ዝቅ ይላል። ከዚያ ሲታይ ቁመቱ አንድ ሜትር የማይሞላ የካና ረድፍ ብዙ ነገር ይጋርዳል። በዚያ በኩል ብቻ ትከሉ፤ በተክሉና በፓምፑ መሃል ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር። በሳጥኑ በር በኩል ያለውን ባዶ ተዉት፤ ማታ ብሬከር ሲወርድ በሬት እሾህ መሃል እጁን የሚሰድ ኤሌክትሪሺያን አታገኙም።