ቲኤልአር4 በብልቃጥ፦ ከዊዳል ወረቀት እስከ ላብ ፍሪዘር

ብልቃጡን ስታዩት ባዶ ነው የሚመስለው። 50 ማይክሮግራም ዱቄት እኮ በአይን አይገባም፣ መስታወቱ ላይ እንደ ጭጋግ ልጥፍ ብሎ ነው የሚቀረው ወይ ክዳኑ ስር ይገባል። እኔ መጀመሪያ ሐዋሳ አንድ ላብ (ላቦራቶሪ) ውስጥ ወደ መስኮቱ ይዤ እያገላበጥኩ "ባዶ ነው እንዴ የላኩልን?" ብዬ መሳቂያ ሆኛለሁ። ስለዚህ ከመክፈት በፊት ሴንትሪፉጅ (በፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽን) ላይ ትንሽ ማዞር ግዴታ ነው፣ አለበለዚያ ዶላር ተለምኖ የመጣው ነገር ከክዳኑ ጋር ቅርጫት ይገባል።

ውስጡ ያለው ሪኮምቢናንት የሰው ቲኤልአር4 ነው፣ ሙሉ ስሙ ቶል ላይክ ሪሰፕተር 4፣ ሰውነታችን ባክቴሪያ መግባቱን ቶሎ ከሚያውቅባቸው ፕሮቲኖች አንዱ። የሰው ልጅ እንደዚህ አይነት 10 ቲኤልአር አለው። ሪኮምቢናንት ሲባል ከሰው ደም የተጨመቀ አይደለም፣ የሰው ጂን ተወስዶ ሌላ ሴል ውስጥ ይገባና ያ ሴል ፕሮቲኑን እያመረተ ይሰጣል፣ 1982 ላይ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የተፈቀደው የሰው ኢንሱሊንም በዚሁ መንገድ ነው የተሰራው (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)።

ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የሄደ ሰው ሁሉ የዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ወረቀት ያውቃል፣ "ኦ 1፡160፣ ኤች 1፡80" ምናምን የምትለዋን። ኦ የታይፎይድ ባክቴሪያ ሽፋን ላይ የተተከለው ኤልፒኤስ የሚባል ሞለኪውል የስኳር ጫፍ ናት፣ ኤች ደግሞ ባክቴሪያው የሚዋኝበት ጅራት። የኤልፒኤሱን ሌላኛ ጫፍ፣ ሊፒድ ኤ የሚባለውን ቅባቱን፣ የሚይዘው የቲኤልአር4 ቡድን ነው፣ ጅራቱ የተሰራበትን ፍላጀሊን ደግሞ ቲኤልአር5። ዊዳል ግን እነዚህን አይለካም፣ ቀናት ቆይቶ የሚመጣውን አንቲቦዲ ነው የሚያየው፣ እሱም በቀላሉ ያሳስታል። ሴንሰሮቹ (ቲኤልአሮቹ) ገና ከጅምሩ ምልክት ይልኩና ሴሎቹ ቲኤንኤፍ፣ አይኤል-6 የመሳሰሉትን መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይለቃሉ፣ ብርድ ብርድ የሚለውና ጋቢ የሚያስደርበው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሙ የመጣው ከዝንብ ነው፣ የበሰለ ማንጎ ላይ ከምታንዣብበው ከትንሿ። ቶል የሚባለው ጂን መጀመሪያ የታወቀው የዝንቧን ጽንስ ቅርጽ በማስያዝ ነበር፣ 1996 ላይ የዡል ሆፍማን ቡድን ቶል የሌላት ዝንብ ፈንገስ ወርሷት እንደምትሞት አሳየ። በ1997 ሜድዝሂቶቭና ጄንዌይ የሚባሉ ተመራማሪዎች የሰውን አቻ አገኙ፣ በ1998 ደግሞ ብሩስ ቦይትለር ኤልፒኤስ ቢወጉት ምንም የማይመስለው የአይጥ ዘር ላይ ጥፋቱ ቲኤልአር4 ጂን ውስጥ እንደሆነ ደረሰበት፣ አንዲት አሚኖ አሲድ ተቀይራ ነው ያ ሁሉ! ሆፍማንና ቦይትለር በ2011 ኖቤል ተካፍለዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ሙሉው ቲኤልአር4 839 አሚኖ አሲድ ነው፣ ብልቃጥ ውስጥ የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሴሉ ውጪ የሚቀመጠው ክፍል ብቻ ነው፣ 600 ገደማ። ወደ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈው ጭራ ተቆርጧል፣ ስለዚህ ሴል ላይ ጨምሮ "ምልክት ይሰጣል" ብሎ መጠበቅ አፍንጫ ብቻውን ቆርጦ አስነጥስ እንደማለት ነው። ደግሞ ብቻውን ኤልፒኤስ አይዝም፣ የሚይዘው ጓደኛው፣ ኤምዲ-2 የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ነው። በ2009 የወጣው የክሪስታል ምስል ላይ ከኤልፒኤሱ ስድስት የቅባት ሰንሰለቶች አምስቱ ኤምዲ-2 ኪስ ውስጥ ሲገቡ ስድስተኛው ውጪ ቀርቶ ሁለተኛውን ቲኤልአር4 ሲነካና ሁለቱን ሲያጣብቅ ይታያል። ስለዚህ ኤልፒኤስ መያዙን የሚሞክር ሰው እቃ ሲገዛ ከኤምዲ-2 ጋር የተጣመረውን ይዘዝ፣ አንቲቦዲ ለመፈተሽ ወይ ኤላይዛ (በአንቲቦዲ የፕሮቲን መጠን የሚለካ ቴስት) ላይ ስታንዳርድ ለማድረግ ከሆነ ግን ብቻውንም ሊበቃ ይችላል።

የሚመረተው የት ነው የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ርካሽ ነው፣ ግን ፕሮቲኑ ላይ የሰውን ስኳር አይለጥፍም፣ ከዚያ በላይ ራሱ ኢ. ኮላይ የኤልፒኤስ ፋብሪካ ነው። ኤልፒኤስ የሚይዝ ፕሮቲን ኤልፒኤስ በሞላበት ድስት ውስጥ ማብሰል ማለት እኮ ነው! ለዛ ነው ሄክ 293 የሚባለው የሰው ሴል ወይ የአይጥ ሴል የሚመረጠው። ሴሉ የለቀቀው ፕሮቲን ጫፉ ላይ በተቀጠለለት ሂስ ታግ በሚባል አጭር መያዣ፣ ኒኬል ባለበት ማጣሪያ ኮለምን ላይ ይያዛል፣ ይታጠባል፣ ጄል ላይ ይታያል፣ በስኳሩ ምክንያት ከተሰላው ክብደት ከፍ ብሎ ቢወጣ አትደንግጡ።

ኢንዶቶክሲን (ያው ኤልፒኤስ ነው) ንጹህ በሚመስል ውሃ ውስጥም ይኖራል። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ይቅርና ላብ ውስጥ ጀሪካን ላይ የከረመ ዲስቲልድ ውሃ እንኳን ይዞት ይገኛል፣ አውቶክሌቭ ደግሞ ባክቴሪያውን ቢገድል ኤልፒኤሱን በደንብ አያጠፋም፣ ለመስታወት እቃ የሚሰራው በደረቅ ሙቀት 250 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ማቆየት ነው። የሚለካው ከባህር ሸርጣን መሳይ እንስሳ ሰማያዊ ደም በሚሰራ ላል በሚባል ቴስት ነው፣ አሁን አሁን የዚህም ሪኮምቢናንት ምትክ አለ። ከእቃው ጋር የሚመጣው ሰርቲፊኬት ላይ መጀመሪያ የማየው ይሄን ቁጥር ነው፣ ንጽህና 95 ፐርሰንት ከሚለው በፊት።

ማስቀመጡ ላይ ደረቁ ዱቄት ታጋሽ ነው፣ ከቦሌ ጉምሩክ እስከ ሐዋሳ መንገድ ያለውን ነገር ይችለዋል። አንዴ ከተሟሟ ግን ተቀያይሟል፣ ማይነስ 80 ይፈልጋል፣ ደጋግሞ መቅለጥና መቀዝቀዝም ያበላሸዋል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ናፍጣ የሌለው ቅዳሜ ማታ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ እንደተሟሟ በትንንሽ ቱቦ ለአንድ ቀን የሚበቃ የሚበቃውን እየከፈልን፣ ፕላስተር ላይ ቀኑን ጽፈን፣ ፍሪዘሩ ታች ጥግ እናስገባዋለን፣ በሩ ሲከፈት ሙቀት መጀመሪያ የሚያገኘው የላዩን መደርደሪያ ነውና።