የሥራ አቅም ምዘና ምንድን ነው? መዛኙስ ምን ይማራል?

እንበል አንድ ኢትዮጵያዊ አሜሪካ፣ ሲያትል አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ሲያነሳ ወገቡን ያዘው። ስድስት ወር ታከመ። ኤምአርአይ ተነሳ፣ መርፌ ተወጋ፣ ፊዚዮቴራፒ ተመላለሰ። አሁን ኢንሹራንሱም አሠሪውም አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ይህ ሰው ወደ ሥራው መመለስ ይችላል ወይ?

ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ "ዲስክህ ወጥቷል" ይለዋል። ፊልሙ ግን ሰውዬው 23 ኪሎ ሻንጣ በቀን ስንት ጊዜ ማንሳት እንደሚችል አይናገርም። ያንን ለማወቅ ማሠራትና ማየት ያስፈልጋል። የሥራ አቅም ምዘና የሚባለው ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ በአጭሩ ኤፍሲኢ (Functional Capacity Evaluation) ይሉታል።

ምዘናውን በአብዛኛው የሚሠሩት ፊዚዮቴራፒስቶችና ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች (ሰው ወደ ዕለታዊ ሥራው እንዲመለስ የሚረዱ ባለሙያዎች) ናቸው። ሰዓታት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ሁለት ቀን። ተመዛኙ ከወለል እስከ ወገብ ዕቃ ያነሳል፣ ከራሱ በላይ ይሰቅላል፣ ተሸክሞ ይሄዳል፣ ይገፋል፣ ይንበረከካል፣ ደረጃ ይወጣል። የልብ ምቱ እየተለካ ነው ይህ ሁሉ።

ውጤቱ ከሥራው ጋር ይነጻጸራል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ሥራዎችን በክብደት አምስት ቦታ ከፍሏቸዋል። ተቀምጠው የሚሠሩት እስከ 10 ፓውንድ ነው። ቀላል እስከ 20፣ መካከለኛ እስከ 50፣ ከባድ እስከ 100፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ በጣም ከባድ። እነዚህ ቁጥሮች አልፎ አልፎ ለሚነሳ ዕቃ ናቸው፤ ማለትም ከሥራ ቀኑ እስከ አንድ ሦስተኛው ድረስ። የእኛ ሰው 23 ኪሎ ሻንጣ 50 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ "መካከለኛ ነው" ብሎ መጻፍ ይቀላል። እሱ ግን ደጋግሞ ነው የሚያነሳው። 50 ፓውንድ ደጋግሞ ማንሳት ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። ይህን ያላየ መዛኝ ሰውዬውን ወደማይችለው ሥራ ይመልሰዋል።

ከፍተኛ ሥልጠና የሚያስፈልገውም እዚህ ጋ ነው። የቴራፒስት ፈቃድ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ስንት እንደሚችል አይቶ መፍረድ ሌላ።

ሥልጠናው የሚያስተምረው ትልቁ ነገር መዛኙ ተመዛኙን የት ላይ ማስቆም እንዳለበት ነው። አንዱ መንገድ ተመዛኙ ራሱ "በቃኝ" እስኪል መጠበቅ ነው። ሱዛን አይዘርንሀገን የተባለች አሜሪካዊት ፊዚዮቴራፒስት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያስፋፋችው ሌላው መንገድ ግን ዓይንን ሰውነት ላይ መትከል ነው። ትከሻ ሲነሳ፣ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ፣ ጀርባ ሲጣመም፣ ትንፋሽ ሲያዝ መዛኙ ይጽፋል። ሰውዬው "ገና ነኝ" ቢልም ያስቆመዋል። የእኛ ሰው ደግሞ "ገና ነኝ" ማለት ይወዳል።

ከባዱ ክፍል ግን "ሙሉ ኃይሉን ተጠቅሟል ወይስ አልተጠቀመም?" የሚለው ነው። ጃማር የሚባለውን የመጨበጥ ኃይል መለኪያ እንይ። እጀታው አምስት ቦታ ላይ ይስተካከላል። ጤነኛ እጅ ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም መሐል ላይ ይበረታል፣ ጠባቡና ሰፊው ላይ ይቀንሳል። ወረቀት ላይ ሲሣል ኮረብታ ይመስላል። ሜዳ ሆኖ ከወጣ አንዳንድ መዛኝ ቶሎ ብሎ "አልሞከረም" ይላል። ነገር ግን ክፉኛ የተጎዳ እጅም ሜዳ ሊያወጣ ይችላል። በአንድ ወረቀት የሰው ስም ይጠፋል፣ ካሳው ይቆማል።

የስኮትላንዳዊው የአጥንት ሐኪም የጎርደን ዋዴል ምልክቶችም እንዲሁ ያለ ቦታቸው ይውላሉ። ዋዴልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 የወገብ ሕመምተኛ ላይ የሚታዩ አምስት ዓይነት ምልክቶችን አሳተሙ፤ ለምሳሌ ቆዳው ቀለል ተደርጎ ሲነካ ማመሙን። ዓላማው ከአጥንትና ከነርቭ ሌላ መታየት ያለበት ሥነ ልቦናዊ ነገር ሊኖር እንደሚችል ለሐኪሙ መጠቆም ነበር። ብዙዎች ግን ውሸታም መያዣ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1998 ዋዴል ራሱ ከሥነ ልቦና ባለሙያው ከክሪስ ሜይን ጋር ሆኖ ምልክቶቹ ለዚያ እንዳልተሠሩ ጻፈ። ይህን ታሪክ ሳያውቅ ምልክቶቹን የሚቆጥር መዛኝ ባይመዝን ይሻላል ባይ ነኝ።

ምዘናው ራሱም ልክ አለው። ካናዳ ውስጥ ዳግላስ ግሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥሩ ውጤት ያመጡ የወገብ ሕመምተኞች ትንሽ ቶሎ ወደ ሥራ ቢመለሱም፣ ሕመሙ ተመልሶ እንደማይመጣ ግን ውጤቱ ዋስትና አልሆነም። ደህና መዛኝ ይህን ስለሚያውቅ "ዛሬ ይህን ቻለ" ብሎ ይጽፋል እንጂ ትንቢት አይናገርም።

በአገራችን መንገዱ ሌላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ቦርዱ ሰንጠረዥ ይዞ፣ በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወር ውስጥ ይወስናል። ሁኔታው ከተለወጠ ወይም ምርመራው ከተሳሳተ ሠራተኛው እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ሰንጠረዥ የጣትን መጥፋት በፐርሰንት ይነግረናል። ያ ጣት የልብስ ሰፊ ከሆነ ግን ጉዳቱ ከጥበቃ ሠራተኛው ጋር አንድ አይደለም።

ወደ ሲያትሉ ሰው ልመለስ። መዛኟ በአስተርጓሚ "ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?" ትለዋለች። እሱ ደግሞ ይቆረጥመኛል፣ ይነዝረኛል፣ ያቃጥለኛል ነው የሚያውቀው። እነዚህ ሁሉ ተጨፍልቀው "ያመዋል" ተብለው ከተተረጎሙ ትልቅ ነገር ጠፋ። ወደ እግር የሚነዝር ሕመም ነርቭ ሊሆን ይችላልና። በደንብ የሠለጠነች መዛኝ "እንዴት አድርጎ ነው የሚያምህ?" ብላ ቃሉን ራሱን ትጠይቃለች፣ ጣቱን ይዞ እንዲያሳያትም ታደርጋለች።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቀው "እንዴት አደርክ?" ብላ ነው። እኛ አፋችን የለመደው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና" ነው። እሷ ግን ሰላምታ አይደለም የምትሰጠው። ሌሊት ሦስት ጊዜ ከነቃ፣ ካልሲውን ማጥለቅ አቅቶት ሚስቱ ካጠለቀችለት፣ ያንን ነው ልትጽፍ እስክሪብቶ ያነሳችው።