የሥልጠና «ሦስተኛው ደረጃ» ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ሥልጠና ገብታችሁ ታውቁ ከሆነ አጨራረሱ አይጠፋችሁም። አንዲት ቅጽ ትታደላለች። አሠልጣኙ እንዴት ነበር? አዳራሹስ? ምሳውስ? «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት፣ አበል ላይ ፊርማ፣ ከዚያ ሰርተፍኬት ጠቅልሎ ወደ ቤት።

አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 መውጣት በጀመሩ ጽሑፎቹ የሥልጠናን ውጤት በአራት ደረጃ ከፈለው። ሠልጣኙ ወደደው ወይ? ተማረ ወይ? ሥራው ላይ አዋለው ወይ? ድርጅቱስ ምን አገኘ? ያቺ ቅጽ የምትመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ፈተና ካለ ሁለተኛውም ይታወቃል። ሦስተኛው፣ ማለትም የባህሪ ለውጥ፣ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም። ሥራው ድረስ ሄዶ ማየት ይጠይቃል።

የኛኑ ቡና እንውሰድ። ለቃሚዎች የበሰለውን ቀይ እሸት ብቻ እንዲለቅሙ ነሐሴ ላይ ሠለጠኑ እንበል። ለቀማው የሚጦፈው ግን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ጳጉሜን ላይ ደውሎ «የተማራችሁትን እየሠራችሁበት ነው?» ማለት ምን ይሉታል? ሰው ደግሞ ጨዋ ነው፣ «አዎ» ይላል።

ጥቅምት ላይ፣ ሳይነገር፣ ማሳው ድረስ መሄድ ነው። ተቆጣጣሪ መጣ ከተባለማ ማን አረንጓዴ ይለቅማል! ከየቅርጫቱ አንድ ኪሎ ዘግኖ፣ አረንጓዴውን ለይቶ መመዘን። በቃ። ግን አምና፣ ከሥልጠናው በፊት፣ እንዲሁ ተመዝኖ ካልተያዘ ከምን ጋር ይወዳደራል? ያልሠለጠኑት ቅርጫትም አብሮ ይታይ። ዘንድሮ ቡናው ባንዴ ቀልቶ ከሆነ፣ ያልሠለጠነውም ቀይ ይዞ ነው የሚመጣው።

አረንጓዴው ንቅንቅ ካላለስ? ብዙ ሰው እዚህ ጋ አሠልጣኙን ይረግማል። እኔ መጀመሪያ የማየው ክፍያውን ነው። ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ከሆነ፣ አረንጓዴውም ቀዩም ሚዛን ላይ እኩል ከቆጠረ፣ ቀይ እየመረጠች የዋለችው ሴት ማታ ጎድሎባት ትገባለች። አጠገቧ ያለችው ቅርንጫፉን ሸምጥጣ ሁለት ቅርጫት ሞልታለች። ሥልጠናው ገብቷታል፣ ፈተናውንም አልፋለች። ልጆቿን የምታበላው ግን በኪሎው ነው።

ስለዚህ አረንጓዴ ለመመዘን የሚሄዱ ሰዎች ቅጻቸው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ቀይ ብቻ ለለቀመ በኪሎ ስንት ተከፈለ?