«በጀርባው ከተኛ ትን ይለዋል»፦ ስለ ጨቅላ ህፃናት አስተኛኘት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጨቅላ ህፃን ባለበት ቤት ስለ አስተኛኘት ሁሉም ምክር አለው። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት የሚናገሩት ህፃኑን ስለሚወዱ ነው። ነገር ግን ከሚሰጠው ምክር አንዳንዱ ህፃኑን አደጋ ላይ ይጥለዋል።

«በጀርባው ከተኛ ሲያቀረሽ ትን ይለዋል»

ብዙ እናቶችን እንቅልፍ የሚነሳው ፍርሃት ይህ ነው። የሰውነታችን አሠራር ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ህፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። ያቀረሸው ወተት ወደ አየር ቧንቧው እንዲገባ ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የአየር ቧንቧው ከታች ስለሚሆን ወተቱ ወደዚያ መፍሰስ ይቀለዋል። ጤነኛ ህፃን ደግሞ ያቀረሸውን መልሶ ይውጣል ወይም አስሎ ያስወጣል።

የአሜሪካ የህፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ህፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ የመከረው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። በ1994 አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። በቀጣዮቹ ዓመታት ተኝተው ሳለ ምክንያቱ ሳይታወቅ በድንገት የሚሞቱ ህፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ትን ብሏቸው የሚሞቱትም አልጨመሩም።

«እንግዲያው በጎኑ ይተኛ»

አይሆንም። በጎኑ የተኛ ህፃን በቀላሉ ወደ ሆዱ ይገለበጣል። ከጀርባ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ጀርባ ራሱ መገላበጥ ሲችል ግን በጀርባው አስተኙትና ተኝቶ ሳለ ራሱ ከተገላበጠ ተዉት።

«በሆዱ ሲተኛ እኮ ጥሩ እንቅልፍ ይወስደዋል»

እውነት ነው፣ እንቅልፉ ይከብዳል። የሚያሳስበውም ይኸው ነው። አየር ሲያጥረው ነቅቶ ራሱን ማዞር ወይም ማልቀስ ያለበት ህፃን፣ እንቅልፉ ከከበደ ቶሎ አይነቃም። አደጋው የሚበረታው ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ነው።

«ትራስና ብርድ ልብስ ካልተደረገለት ይበርደዋል»

ፍራሹ ጠንካራና ጠፍጣፋ ይሁን፤ በደንብ የተወጠረ አንሶላ ብቻ ይበቃዋል። ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት እስከ 1 ዓመቱ አልጋው ውስጥ አይግቡ። ብርድ ከሆነ እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ልብስ ብቻ ጨምሩለት። ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያውን አውልቁለት። ደረቱ ካላበው ሞቆታል ማለት ነው።

«ከእናቱ ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛት ነው የሚሻለው»

ክፍል መጋራት ጥሩ ነው፤ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ይመከራል። ህፃኑ ግን አጠገባችሁ ሆኖ ለብቻው ይተኛ። ከሁሉም የከፋው ሶፋ ላይ አቅፎ መተኛት ነው፤ ህፃኑ በትራሶቹ መሃል ይቀበርና ትንፋሽ ያጥረዋል። እኩለ ሌሊት የምታጠባ እናት መድከሟ አይቀርም፤ ጥፋተኛም አይደለችም። እንቅልፍ እንዳይጥላት ከሰጋች ከሶፋው ይልቅ አልጋው ላይ ታጥባው፤ ትራስና ብርድ ልብሱን አስቀድማ ታርቅ። እንደነቃችም ወደ መኝታው ትመልሰው። ወላጅ የሚያጨስ፣ አልኮል የጠጣ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የወሰደ ከሆነ፣ ወይም ህፃኑ ያለጊዜው የተወለደ ከሆነ አብሮ መተኛት በጣም አደገኛ ነው።

«ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ይሆናል»

ሲነቃ፣ እያያችሁት በሆዱ አስተኝታችሁ አጫውቱት። አንገቱንም ያጠነክርለታል።

«እናንተንም በሆዳችሁ እያስተኛን ነው ያሳደግናችሁ»

ብዙዎች በደህና አድገዋል። ግን ያላደጉት ስለዚህ ሊነግሩን አይችሉም። አያቶች ያደረጉት በዘመናቸው የተመከሩትን ነው፤ ሐኪሞችም ያኔ እንዲሁ ይሉ ነበር። ስለዚህ «እማዬ፣ አጠፋሽ» አይባልም። «እማዬ፣ ሐኪሞቹ አሁን ምክሩን ለውጠዋል፤ ምክንያቱም ይሄ ነው» ብላችሁ ስለ ሁለቱ ቧንቧዎች አስረዷት። በጀርባው መተኛት የለመደ ህፃን አንድ ቀን በሆዱ ሲያስተኙት አደጋው የበለጠ ይጨምራል። ለአያትም ይሁን ለሞግዚት ህፃኑን ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ንገሯቸው፤ ለቀን እንቅልፍም ቢሆን።