ጀስቲፊኬሽን ምንድን ነው?

መሐንዲሱ የጨረታ ሰነድ ይዞ ኃላፊው ዘንድ ሲገባ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፤ «ይሄ ሁሉ መስፈርት ለምን አስፈለገ? ዋጋ አታስወድዱብን እንጂ!» የዚህ ጥያቄ የጽሑፍ መልስ ነው ጀስቲፊኬሽን የሚባለው። ተቋራጩ ላይ የተጣለው እያንዳንዱ ግዴታ ለምን እንደገባ ያስረዳል።

ብዙ ባለሙያ ኃላፊውን ምህንድስና ለማስተማር ይነሳል። ኃላፊው ግን መማር ሳይሆን መወሰን ነው የሚፈልገው። መስፈርቱ ቢወጣ ምን እናጣለን? ቢቆይስ ስንት ያስወጣናል?

ሰነዱ «ኮንክሪቱ ሲ-25 ይሁን፤ ናሙናው በገለልተኛ ላብራቶሪ ይፈተሽ» ይላል እንበል። ሲ-25 የኮንክሪት የጥንካሬ ደረጃ ነው፤ በግፊት መለኪያ 25 ሜጋ ፓስካል ማለት ነው። «25 ሜጋ ፓስካል» ብሎ መጻፍ ግን ለኃላፊው ምንም አይነግረውም። እንዲህ ቢጻፍለትስ?

«ሠራተኞች ኮንክሪቱ ሲጠጥርባቸው እንዲፈስላቸው ውኃ ይጨምሩበታል። ያ ውኃ ጥንካሬውን ይቀንሳል፤ ከደረቀ በኋላ ግን በዓይን አይለይም። ስለዚህ ኮንክሪቱ ሲሞላ ጎኑ ሁሉ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሻጋታ ናሙና እንወስዳለን። ናሙናው በ28ኛው ቀን ማሽን ውስጥ ሲጨመቅ ወደ 57 ቶን መቻል አለበት። በ7ኛው ቀን የሚፈተሸው ሌላ ናሙና ደግሞ ቀድሞ ፍንጭ ይሰጠናል፤ ችግር ካለ ብዙ ፎቅ ሳይደረብበት እንነቃለን።»

ከሥሩ የላብራቶሪው ክፍያና ምሰሶ አፍርሶ እንደገና የመሥራት ወጪ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ሜጋ ፓስካል ሰምቶ የማያውቅ ሰውም ይህን አንብቦ መወሰን ይችላል።

«ገለልተኛ» የምትለዋም ቃል ምክንያት ትፈልጋለች። ናሙናውን ተቋራጩ ብቻውን ካዘጋጀው፣ ለፈተና የሚሆን ጥሩ ኮንክሪት ለብቻው ሊያቦካ ይችላል። ናሙናው ሲወሰድ የአሠሪው ተቆጣጣሪ አብሮ መቆም ያለበትም ለዚህ ነው። ይህችን ነጥብ የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው፤ ያሳዝናል።

ጀስቲፊኬሽን ሲጻፍ ራሱ መስፈርቱም ይፈተናል። ከድሮ ሰነድ ኮፒ ተደርጎ የመጣ መስፈርት እዚህ ላይ ይጋለጣል። ለግቢ አጥር ደረጃ 1 (ከፍተኛው ደረጃ) ተቋራጭ መጠየቅን ምን ብለው ያስረዱታል? የአንድ ፋብሪካ ምርት በስም ከተጠቀሰም «ወይም ተመጣጣኝ» ይጨመርበት። አለዚያ መስፈርቱ ለአንድ ተጫራች ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል።

ኃላፊው ይህን ሁሉ አንብቦም «ይውጣ» ሊል ይችላል፤ ሥልጣኑ የእሱ ነው። ያኔ ውሳኔው ከነስጋቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ይፈረምበትም።