ቤቱን ነሐሴ ላይ እዩት፦ ስለ እርጥበት የሚወሩ የማይሆኑ ነገሮች

ቤቱን ያየነው ጥር ላይ ነበር። ጉለሌ አካባቢ ያለ የቆየ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው አዲስ ክሬም ቀለም ተቀብቷል፤ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጣውላው ላይ ተኝታለች። ባለቤቴ እዚያው ቆማ መጋረጃ መምረጥ ጀመረች። ሐምሌ ሲገባ የሳሎኑ ጥግ ቀለም ይላጥ ጀመር። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ወጣ። ለበዓል ብቻ የማደርጋት ጫማዬ አረንጓዴ ለብሳ አገኘኋት።

ከዚያ በኋላ ምክር ያልሰጠኝ ሰው የለም። ጎረቤት፣ ደላላ፣ ቀለም ቀቢ፣ ሁሉም ባለሙያ ሆነ። አብዛኛው ምክር ስህተት ነበር፤ ገንዘብ ከፍዬ ነው ያወቅኩት።

«ቀለሙ አዲስ ነው፤ ቤቱ ደህና ነው»

አዲስ ቀለም እንዲያውም መጠርጠሪያ ነው። በተለይ አንድ ግድግዳ ብቻ፣ ወይም ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ብቻ ከተቀባ። ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከግድግዳው ለቋል። ቁም ሳጥኑን ሳብ አድርጋችሁ ጀርባውን እዩ፤ ነውር አይደለም፣ ቤት ነው የምትገዙት። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የተደፋበት የሚመስል ቡናማ ክብ ካለ ከላይ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ተዘግቶ የቆየ ክፍል ካለ ደግሞ በሩ ገና ሲከፈት አሽትቱ። እኛን ባለቤቶቹ ቡና አፍልተው ነው የተቀበሉን፤ ዕጣኑም ብዙ ነበር። ክፋት አላየሁበትም፣ ወጋችን ነው። አፍንጫዬን ግን ከሥራ ውጭ አድርጎታል።

«እርጥበት ሁሉ ከመሬት ነው የሚመጣው»

ከሁሉም በላይ ያስከፈለኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ የመጣው ሠራተኛ ግድግዳውን ሳይነካ «ከመሠረቱ ነው፣ ተቆፍሮ ይሠራ» አለኝ። አስቆፈርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ አንድ ሸምገል ያሉ ግንበኛ መጡ። ግድግዳውን አላዩትም። «ልጄ፣ እሱን ተወውና መሰላል አምጣ» አሉኝ። ጣሪያው ጠርዝ ላይ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል፤ መውረጃው ቱቦ ደግሞ ግማሹ የለም። ውሃው በሙሉ እየዘለለ የሳሎኑን ጥግ ሲመታ ከርሟል።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 80 ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ በነሐሴ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ይህ 16,000 ሊትር ነው፤ ባለ 2,000 ሊትሩን ሮቶ 8 ጊዜ ይሞላል። ይህ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ሲደፋ የትኛው ግድግዳ ይችለዋል?

ውሃው ከየት እንደመጣ ግድግዳው ራሱ ይናገራል። ከመሬት የሚመጣው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ብዙ አያልፍም፤ የደረሰበት ቦታ ላይም ነጭ፣ ጨው የሚመስል ዱቄት ይተዋል። ከጣሪያ የሚመጣው ከላይ ጀምሮ ይወርዳል፤ ዝናብ በጣለ ማግስት ይሰፋል። ጥር ላይም ግንቦት ላይም እኩል የሚረጥብ ቦታ ካለ ቧንቧ ጠርጥሩ። ቤቱ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ተመልከቱ። እየዞረ ከሆነ መሬት ወይም ግድግዳ ውስጥ የሚፈስ ነገር አለ። የሻወር ቤቱን ጀርባ ግድግዳም ከውጭ ዞራችሁ እዩት።

«ሲሚንቶ ልሰኑበት፤ ይዘጋዋል»

ለጭቃ ቤት ከዚህ የባሰ ምክር የለም። የጭቃ ግድግዳ በምርጊቱ በኩል ይተነፍሳል፤ ክረምት የጠጣውን በጋ ላይ ይተፋል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፣ ከእንጨቱና ከጭቃው ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም፣ ይሰነጠቃል። ውሃው በስንጥቁ ይገባል፤ መውጫ ግን ያጣል። ውስጥ ያሉት ቋሚዎችና ማገሮች እርጥበት ውስጥ ይበሰብሳሉ፤ ምስጥም ይሄን ነው የሚወደው። ከውጭ ግን ግድግዳው ቀጥ ብሎ ያምራል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ለድንጋይ ግንብም ቢሆን ሲሚንቶ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። ጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገኑ ቦታዎች ነበሩ፤ ኋላ ላይ ጥገናው ወደ ጥንቱ ኖራ ተመልሷል። ለእናንተም ቤት በጭድ በደንብ የተቦካ ጭቃ፣ ከላዩም ኖራ ይሻላል። ሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ቤት ከገጠማችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከወለሉ አጠገብ ትንሽ ቦታ ላይ ልስኑን ፈልፍሉ። ከዚያ እንጨቱን በካቻቢቴ ወጋ አድርጉት። እንደ ቂጣ ከገባላችሁ በዋጋው ላይ እንደገና ተነጋገሩ። ባለቤቱ እንቢ ካለም መልስ አግኝታችኋል።

ከሰል አንድዶ ክፍሉን ማድረቅ የሚባለውስ? አታድርጉት። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሰው ይገድላል፤ ጭስ ባይታይም ጋዙ አለ። ግድግዳውም በማግስቱ ወደነበረበት ይመለሳል።

«ብርድ ስለሆነ መስኮት ዝጉ»

ይሄኛውን እኔም አምኜበት ነበር። ግን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የወጣው ሻጋታ ከጣሪያም ከመሬትም አልመጣም። ከእኛው ነው የመጣው። ስንተነፍስ፣ ወጥ ስንሠራ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ስናሰጣ የሚወጣው ተን ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። 1 ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ሲነድ ብቻ ከ1 ሊትር ተኩል የሚበልጥ ውሃ በተን መልክ ይለቃል። መጠራጠር ካለ የምግብ ፎይል ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ዙሪያውን ለጥፉ፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እዩት። ፊቱ ካላበው የቤቱ አየር ነው፣ መስኮት ክፈቱ። ጀርባው ከረጠበ ግድግዳው ራሱ ነው። ቁም ሳጥንና አልጋንም ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል አርቁ።

«ብሎኬት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም»

ብሎኬትም ውሃ ይጠጣል። ከወለሉ ሥር ላስቲክ ካልተነጠፈ፣ ግቢው ወደ ቤቱ ካዘነበለ፣ ጎረቤት አፈሩን እስከ መስኮታችሁ ከቆለለ፣ ያው ነው። ደግሞ ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ አፈሩ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ ግድግዳውም አብሮ ይሰነጠቃል። ዝናብ እየጣለ ጃንጥላ ይዛችሁ ግቢው ውስጥ ቁሙና ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ደላላው ይሰለቻል፤ ይሰልች።

የመጨረሻው ስህተት የራሴ ነው። ጥቅምት ላይ አሸንዳውን ቀየርን፤ በቤቱ ዙሪያ ቦይ አስቆፈርን። በሳምንቱ ቀለም ቀቢ ልጠራ ስል ሽማግሌው ግንበኛ ከለከሉኝ። ወፍራም ግድግዳ የጠጣውን በሳምንት አይተፋም፤ ወራት ይፈልጋል። ላዩን ብትዘጉት አዲሱም ቀለም ይላጣል። የቀባነው የካቲት ላይ ነው። እስከዚያ ያቺ የሳሎን ጥግ እንደተላጠች ገናንም ጥምቀትንም እንግዳ ተቀበለች።