ብሽሽት ላይ የወጣ እብጠት፦ ንፍፊት ነው ወይስ ቡአ?

ብሽሽት ላይ እብጠት ሲወጣ ብዙ ሰው አፍሮ ይደብቀዋል። ብዙ ጊዜ ግን ንፍፊት ነው። እግር ላይ ያለ ቁስል፣ የጣት መሃል ፈንገስ ወይም ምላጭ የቆረጠው ቦታ ሲያመረቅዝ ንፍፊቱ ያብጣል። ሲነኩት ያማል፤ ቁስሉ ሲድን እሱም ቀስ በቀስ ይጎድላል። ስለዚህ መጀመሪያ እግርዎን ይዩ።

ቡአ ሌላ ነው። የሆድ ግድግዳ ሲሳሳ አንጀት ወይም ሞራ ሾልኮ ይወጣል። ሲቆሙ፣ ሲያስሉ ወይም ከባድ ነገር ሲያነሱ ይጎላል፤ ሲተኙ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። በመታሸት አይድንም፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። አልመለስ ካለ፣ ከጠነከረ፣ ከባድ ሕመምና ትውከት ከመጣ አንጀቱ ታንቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለነገ አይባልም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

ብልት ላይ ቁስል ወይም ፈሳሽ ካለ የአባላዘር በሽታ ምርመራ ያስፈልጋል። እባክዎ ፋርማሲ ገብተው በግምት አንቲባዮቲክ አይግዙ።

«ካላመመ ችግር የለውም» የሚባለው ደግሞ ስህተት ነው። ጠንካራ፣ የማይንቀሳቀስ፣ እያደገ የሚሄድ ወይም ሳምንታት ቆይቶ ያልጠፋ እብጠት መታየት አለበት። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብና ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ ፈጥነው ይሂዱ፤ ቲቢም ካንሰርም እንዲህ ሊጀምሩ ይችላሉ።